ሠላሳኛዋ ተማሪ፦ የወይዘሮ ጥሩብርሃን ወልደ ሚካኤል የሕይወት ታሪክ

እታለም ጥሩ የሕግ ትምህርት ቤት ገብተዋል! አዎ፣ አልፈዋል! መቶ አሥራ ሰባት ሰው አመልክቶ የተወሰደው ሠላሳ ሰው ብቻ ነው፤ ሠላሳኛዋ እሳቸው ናቸው። ደብዳቤው ትናንት ደረሰ። አጥፌ ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጥሬዋለሁ፣ ማየት የሚፈልግ ሰው ኋላ ይጠይቀኝ።

የበኩር ልጃቸው አንተነህ "በሥርዓት ጻፊ፣ መወለዳቸው ይቅደም፣ በአንቱታ ይሁን" ብሎኝ ነበር። በአንቱታ ነው የጻፍኩት። ግን ይሄንን ሳልናገር ሌላው ከአፌ አይወጣልኝም፤ ይቅርታ። መወለዳቸው ይኸው።

ወይዘሮ ጥሩብርሃን ከአባታቸው ከመሪጌታ ወልደ ሚካኤል ተገኘ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ሰንበት አየነው፣ ከአማኑኤል ከተማ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ በምትርቀው መንደራችን፣ በ1955 ዓ.ም. በኅዳር ሚካኤል ዕለት ተወለዱ። አባታቸው የቅኔ መምህር ነበሩ፤ ለሕፃናትም ፊደል ያስቆጥሩ ነበር። እታለም ጥሩ በልጅነታቸው ከተማሪዎቹ ጋር ልቀመጥ ብለው ቢያለቅሱ፣ አባታቸው ከጎጆው በር ውጭ እንዲቀመጡ ፈቀዱላቸው። እሳቸውም ጥጥ እየፈተሉ ከውጭ ሆነው ፊደል ቆጠሩ፣ ከውጭ ሆነው ዳዊት ደገሙ። ኋላ ሲያወሩት "እኔ ትምህርት ሁሌም በጆሮዬ ነው የገባኝ፣ በበር በኩል ገብቶልኝ አያውቅም" እያሉ ይስቁ ነበር።

በ1963 ዓ.ም. አማኑኤል ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። በ1971 ዓ.ም. ከአቶ አለበል ካሴ ጋር በሥርዓተ ጋብቻ ተጋቡ። አቶ አለበል "ትምህርቷን አላስተዋትም" ብለው ለሽማግሌ ቃል ገብተው ነበር። ደግ ሰው ነበሩ አሉ፤ ግን አጨዳና ውቂያ ባለበት ቤት ደብተር የሚገለጥበት ጊዜ አልተገኘም። አንተነህንና ወንጌላዊትን ወለዱ። አቶ አለበል በ1985 ዓ.ም. በሞት ሲለዩዋቸው እታለም ጥሩ ገና ሠላሳ ዓመታቸው ነበር። በ1987 ዓ.ም. ልጆቻቸውን ይዘው አማኑኤል ገቡና በወረዳው ፍርድ ቤት በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጠሩ።

ድምፃቸውን የሰማ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እስከ መናኸሪያ ይሰማል! አንድ ቀን ባለጉዳይ ጠሪው ታሞ ቀረና እሳቸው መጥረጊያቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው በር ላይ ወጥተው ጠሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠሪዋ እሳቸው ሆኑ። አንዴ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞረው፣ አንዴ ወደ ገበያው መንገድ፣ አንዴ ወደ ኮረብታው። ሦስት ጊዜ ሳይጠሩ ማንንም የለም ብለው አያውቁም። እኔ የወንድማቸው ልጅ ስድስት ዓመቴ ላይ ለትምህርት ብዬ እሳቸው ቤት ስገባ፣ ለቁርስ የምጠራው እንደዚያው ነበር፦ "ሶልያና! ሶልያና! ሶልያና!" ሦስተኛው ላይ ካልተነሳሁ ቁርሱ አለፈኝ ማለት ነው።

አሁን የምናገረውን እሳቸው ራሳቸው በአደባባይ ይናገሩት ስለነበር ማንም አይቆጣኝ። በ1992 ዓ.ም. ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ በማሳቸው ጉዳይ ተፈርዶባቸው ከችሎት ወጡና "እታለም፣ ምን ተባልኩ?" ብለው ጠየቁ። እታለም ጥሩ በር ላይ ሆነው "ስልሳ ቀን" የሚል ሰምተዋል። ቀጠሮ መሰላቸው። "ሂጂ እርሻሽን እረሺ፣ ቀኑ ሲደርስ እኔው እጠራሻለሁ" አሏቸው። ስልሳ ቀን ግን ይግባኝ የሚጠየቅበት ጊዜ ነበር። ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ በስልሳ አምስተኛው ቀን መጥተው "ምነው ሳትጠሪኝ?" ሲሉ ጊዜው አልፏል። ማሳውም በዚያው ሄደ።

እታለም ጥሩ ለሳምንት እህል አልቀመሱም። ከዚያ ተነሥተው "እኔ ይሄንን ሕግ እማረዋለሁ" አሉ። በቃ፣ የሳቸው ነገር እንደዚህ ነው የጀመረው። በ1996 ዓ.ም. የማታ ትምህርት ጀመሩ፤ ዘጠነኛ ክፍል፣ በአርባ አንድ ዓመታቸው፣ ከልጃቸው ከሚያንሱ ልጆች ጋር። ሒሳብ ሁለት ጊዜ ጥሏቸዋል፤ ሁለቴም ተመልሰው ገብተዋል። እኔ ካደግሁ በኋላ የቤት ሥራችንን በአንድ ጠረጴዛ ነበር የምንሠራው። የኔን ላጲስ ሰርቀው የጨረሱት እሳቸው ናቸው!

በ2002 ዓ.ም. ከደብረ ማርቆስ የሕግ ትምህርት ቤት መምህርት ሔዋንና ስድስት ተማሪዎች በገበያ ቀን መጡ። "ነጻ የሕግ ምክር" የሚል ጨርቅ ሰቀሉ፣ ጠረጴዛ ዘረጉ፣ መዝገብ ገለጡ። እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ አንድ ሰው አልቀረባቸውም። ሰዉ እንዲያውም እነሱን ሽሽት በሌላ መንገድ ዞሮ ገበያ ገባ! እታለም ጥሩ ከሥራ ሲወጡ አይተዋቸው አዘኑ።

"ልጆቼ፣ ጠረጴዛና መዝገብ ያየ ሰው መሬት ሊለካ የመጣ ነው የሚላችሁ። በሰማንያ ዘጠኙ የመሬት ድልድል እንዲህ ሆነው ነው የመጡት።"

መምህርት ሔዋን "ታዲያ ምን ይሻላል እማማ?" አሏቸው።

"ጠረጴዛውን መልሱት። በዐሥራ ሁለት፣ በሚካኤል ቀን ኑ። በበዓል ሞፈር አይነካም፣ ሰው ሁሉ ያለው ቤተ ክርስቲያን ነው። ከቅዳሴ በኋላ ወይራው ሥር ድንጋይ ላይ ቁጭ በሉ። ሽማግሌ የሚቀመጠው እዚያ ነው፤ ነገር የሚወራውም እዚያ ነው።"

በወሩ መጡ፤ አርባ አንድ ሰው ጠበቃቸው።

ከዚያ በኋላ በየወሩ ሚካኤል ወይራው ሥር ችሎት የመሰለ ነገር ሆነ። ሰዉ ቦኖ ላይ ጀሪካን እንደሚያሰልፈው፣ ቅዳሴ ሳይገባ በፊት እያንዳንዱ ድንጋዩን በተራ አስቀምጦ ይገባል። እታለም ጥሩ ተራ ጠሪ ናቸው። ተማሪዎቹ "ዲን" ይሏቸው ነበር። አንዱ ተማሪ ለአንድ ሽማግሌ ስለ "መጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ" ሲያብራራ ጣልቃ ገቡና "አንተ ልጅ፣ ይሄንን ለአባትህ ብትነግራቸው ይገባቸዋል?" አሉት። "አይ፣ አይገባቸውም።" "እንግዲያው ለኚህም አልገባቸውም። እንደገና!" ልጁ አምስት ጊዜ እንደገና ተናገረ። በአምስተኛው ሽማግሌው "አሃ!" ሲሉ ሁላችንም አጨበጨብን።

በየወሩ መጀመሪያ የራሳቸውን ስሕተት ለአዲሶቹ ተማሪዎች ይናገራሉ፦ "ሳላውቅ ተናግሬ ሰው ማሳ አሳጥቻለሁ፤ እኔን አይታችሁ ተቀጡ።" ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ደግሞ እዚያው ተቀምጠው "ኧረ ተይው! ይቅር እያልኩሽ ሰለቸኝ እኮ!" ይሏቸዋል። እታለም ጥሩ ግን አልተዉትም።

ጋሽ ይስማውን ሳላነሣ አላልፍም፤ የፍርድ ቤቱ በር ላይ በጥቁር ጃንጥላቸው ሥር ማመልከቻ የሚጽፉት ጋሽ ይስማው የኋላሸት ናቸው። በመጀመሪያ ሊናደዱ ነበር ወይራው ሥር የመጡት። "እትዬ፣ እኔ በጽሕፈት መኪና የማበስለውን እርስዎ በነጻ ያበሉታል!" አሏቸው። እታለም ጥሩ "ያንተ ማመልከቻ ሰላምታው ብቻ አንድ ገጽ ይፈጃል፣ ይስማው። ሕጉ የት አለ? ና ቁጭ በልና ተማር" ብለው ቦታ ለቀቁላቸው። ተቀመጡ። ከዚያ ቀርተው አያውቁም።

አንድ የሐምሌ ሚካኤል ዝናብ እየመጣ ባለቤቱ የሌለ ድንጋይ ተራው ደረሰ። እታለም ጥሩ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጠሩ፣ ወደ ገበያው መንገድ ጠሩ። ጋሽ ይስማው "ሁለቴ ከተጠራ አይበቃም? መጣብን እኮ ዝናቡ" አሉ። "ሦስተኛውን ሳልጠራ ድንጋይ አላነሣም። ከጠራሁ በኋላ ግን ካልመጣ ይነሣል፤ የኋለኛው ሰው ምን በድሎ ይቆማል?" ብለው ወደ ኮረብታው ዞረው ጠሩ። "አለሁ! አለሁ!" የሚል ድምፅ መጣ። ጋቢያቸውን በራሳቸው ላይ ያደረጉ አንድ አባት እየሮጡ ሲወርዱ አየን።

በ2005 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ትምህርታቸውን ጨረሱ። በዚያው ዓመት የሕግ ትምህርት ቤቱ ሕዝቡን ጠርቶ "ምን እናሻሽል?" ብሎ ጠየቀ። እታለም ጥሩ ተነሡ። "እናንተ በየወሩ ወደ እኛ ትመጣላችሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። እኛ ወደ እናንተ የምንመጣው መቼ ነው?" አዳራሹ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም፤ እስኪመለስላቸው ቆመው ጠበቁ። ዘንድሮ ከየወረዳው ለሚመጡ ጎልማሶች የቅዳሜና እሁድ ትምህርት ተከፈተ፤ ሠላሳ ቦታ። እታለም ጥሩ ተፈተኑ። ጋሽ ይስማውንም "ብቻዬን አልሄድም" ብለው ጎትተው አስፈተኗቸው።

ውጤት ሲጠብቁ ደብተራቸውን በጋዜጣ ለበዱት። ሽፋኑ ላይ "ሕግ፣ አንደኛ ዓመት" ብለው በእርሳስ ጻፉ። "በእስክሪብቶ ይሁን እንጂ" ብላቸው "ካላለፍኩ የምትጠፋ ትሁን፤ ላጲስሽን አምጪ" አሉኝ። ደብተሩ እስካሁን ትራሳቸው ሥር ነው። የተጻፈበት ያቺ አንድ መስመር ብቻ ናት።

ካለፈው ግንቦት ጀምሮ በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተዋል። በደብረ ማርቆስም በባሕር ዳርም ሐኪሞች ብዙ ደክመውላቸዋል። ሃምሳ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው አንድ ወር ሲቀራቸው፣ ማክሰኞ ጥቅምት 11 ቀን 2007 ዓ.ም. ጎሕ ሲቀድ በቤታቸው ዐረፉ።

ሦስት ሰዓት ላይ ድንኳኑ እየተተከለ ሳለ፣ ውጤቱን ለማምጣት ደብረ ማርቆስ ሄደው ያደሩት ጋሽ ይስማው ከሚኒባስ ወረዱ። ጃንጥላቸውን ወደ ላይ እያወዛወዙ ከመንገድ ጀምረው "ሠላሳኛ! ሠላሳኛ!" እያሉ መጡ። ድንኳኑን ሲያዩ ጃንጥላው ከእጃቸው ወደቀ። ደብዳቤውን በሁለት እጃቸው ሰጥተውኝ መሬት ላይ ተቀመጡ።

ጋሽ ይስማው፣ አንድ ነገር አውቄብዎታለሁ። ከደብዳቤው ጋር ዝርዝሩ ተያይዟል። ከሠላሳኛው ስም ሥር "ተጠባባቂ" ይልና አንደኛ እርስዎ ነዎት። መምህርት ሔዋንን ጠየቅኋቸው። ምዝገባው ዓርብ ያልቃል። ዓርብ ድረስ ማንም ካልተናገረ ቦታው ዘንድሮ ባዶውን ይቀራል። ተጠሪ ሄዶ አርፈዋል ብሎ ከፈረመ ግን በዚያው ቀን ለተጠባባቂው ይሰጣል። እታለም ጥሩ ፎርሙ ላይ ተጠሪ ብለው የጻፉት እኔን ነው።

ወይዘሮ ጥሩብርሃን ሁለት ልጆችና አራት የልጅ ልጆች አይተዋል። ወንድማቸው፣ አባቴ፣ አለ። እኔም አለሁ። ወይራው ሥር የተቀመጠ ሰው ሁሉም ቤተሰባቸው ነው። ዕድሜያቸውን በር ላይ ቆመው ሌላውን ሲያስገቡ የኖሩ ናቸውና፣ ቅዱስ ሚካኤል እጃቸውን ይዞ ወደ ውስጥ ያስገባልን፤ ከአብርሃም ከይስሐቅ ከያዕቆብ አጠገብ ወንበር ይስጥልን። አሜን።

ዛሬ ጥቅምት 12፣ ሚካኤል፣ የሳቸው ቀን ነው። ጠዋት ወይራው ሥር ሄጄ ነበር። ያልሰማ ሰው ኖሮ ድንጋዮቹ በተራ ተቀምጠዋል። እኔም በስማቸው አንድ ድንጋይ አስቀመጥኩ። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞሬ "ጥሩብርሃን ወልደ ሚካኤል!" ብዬ ጠራሁ። ወደ ገበያው መንገድ ዞሬ ጠራሁ። ወደ ኮረብታው ዞርኩ፣ ሦስተኛውን ግን ሳልጠራ ተመለስኩ። እስከ ዓርብ እኮ የሕግ ተማሪ ናት! ዐሥራ አምስት ዓመት የተመኘችውን ሦስት ቀን እንኳ ትያዘው። ደግሞ ሦስተኛው ላይ ሰው እየሮጠ መጥቶ ያውቃል፤ ሁላችሁም አይታችኋል። ከጠራሁና ካልመጣች ግን ድንጋዩን አንሥቼ፣ አርፈዋል ብዬ ልፈርም ደብረ ማርቆስ መሄዴ ነው።

እናንተ ብትሆኑ ሦስተኛውን ትጠሩ ነበር?