ለአሻንጉሊቷ ፊልም የተጠየቅኩት እርግማን

ይድረስ ከእናታችን ቀጥሎ እናት ለሆንሽኝ ለእታለሜ ለይሻሽ ጓንጉል።

እንዴት ከርመሻል እታለሜ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ? ዳገቱን መውጣት ተውሽ ወይስ አሁንም «ከተቀመጥኩ ይደርቅብኛል» እያልሽ ትንከራተቻለሽ? ጋሼ ዘበነን ያ ሳል ለቀቃቸው? ሸዋርካብ ይህን ደብዳቤ ቆማ ከሆነ የምታነብልሽ ተቀመጪ በያት፤ ወሬው ረጅም ነው። ሁለት ሺውን ዓመት ጎንደር እንዴት አድርጋ እንደተቀበለችው በስልክ ስትነግሪኝ መስመሩ እየተቆራረጠ የሰማሁት ግማሹን ነው፤ ግማሹን ራሴ ሞልቼ ለጎረቤት አወራሁት። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሽበሺ ወገቡን አንዳንዴ ይለዋል እንጂ ከፋብሪካው አልቀረም። እኔም እዚያው ትምህርት ቤት ጽዳቱ ላይ ነኝ። የቤርሼባ ብርድ ገብቷል፤ ቀን ፀሐይ፣ ሲመሽ ቆፈን ነው።

ዛሬ ወረቀት ያስያዘኝ ነገር በስልክ የሚሆን አይደለም። ብጀምርልሽ ካርዱ መሐል ላይ ያልቅና «እህቴ የሰው ልጅ ልትረግም ነው» ብለሽ ስትጨነቂ ትከርሚያለሽ። ስለዚህ ከነመጨረሻው ልጻፍልሽ።

ልጄ፣ ያ አንቺ ማንያዘዋል ብለሽ ስም ያወጣሽለት፣ እዚህ ትምህርት ቤት ሲገባ ኦምሪ ያሉት፣ ከጦሩ ከወጣ ወዲህ ኮሌጅ ገብቶ ፊልም ይማራል። አባቱ «ኤሌክትሪክ ተማር» ቢለው «ፊልምም የሚሠራው በኤሌክትሪክ ነው» ብሎ ዝም አሰኘው። አምና ከጓደኞቹ ጋር የሚያስፈራ ፊልም ሠርተው ነበር። ታሪኩ ስለ አንዲት የተረገመች አሻንጉሊት ነው። አንድ ዓይን ብቻ ያላት የጨርቅ ጥንቸል ናት፤ ከታሃና መርካዚት፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ማለቴ ነው፣ አጠገብ ካለው ገበያ ያገኟት። እሷ የገባችበት ቤት ሰላም የለውም፤ በሩ ራሱ ይከፈታል፣ ሰውም ይጠፋል። በመጨረሻ አቃጠሏትና እኔም እሰይ ተገላገልን አልኩ። ዘንድሮ ደግሞ ሁለተኛውን እንሠራለን ብሎ መጣ። «ተቃጥላ የለም እንዴ?» ስለው «ኢማ፣ ሁለተኛ የሚባለው ለዚህ አይደል?» አለኝ፤ ኢማ የሚለው እማዬ ማለቱ ነው። ያቃጠሏት ለካ የሷን መንትያ ኖሯል፤ እሷ ደህና ናት።

ሰይጣን ለሰፈረበት ቤት የመረጡት የማንን ቤት ይመስልሻል? የኔን! ሽኩና ኣሌፍ በሚሉት ሠፈር ያለው ሕንፃችን አሮጌ ነው፤ ቀለሙ ተልጧል፣ የደረጃው መብራትም ሲፈልግ ይበራል። የኦምሪ ጓደኛ ኤይታን ግድግዳዬን በእጁ እየዳሰሰ «ምንም መንካት አያስፈልገንም፣ እንዳለ ያስፈራል» ብሎ ሲደሰት ሽበሺ በጆሮዬ «ይሄ ምስጋና ነው ስድብ?» አለኝ። እኔ እስካሁንም አልለየሁትም። ገንዘብ የላቸውም፣ እታለሜ። ካሜራው ከኮሌጁ የተዋሱት ነው፣ የቀረው ሁሉ ከኔ ጓዳ። ሌሊት እንዲመስል በቀትር ብርድ ልብሶቼን በየመስኮቱ ይሰቅሉና «አሁን ሌሊት ነው፣ ዝም በሉ» ይሉናል። ውጭ ሕፃናት ኳስ ይጫወታሉ፣ እኔ ሳሎኔ ውስጥ በዳበሳ እሄዳለሁ።

እኔም ጥፋት አላጣሁም። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ያቺ ጥንቸል ሶፋዬ ላይ ጭቃና እድፍ ሆና ተጋድማለች። ያሳደገን ሰው አለ አይደል፤ አላስቻለኝም። በሳሙና አሽቼ አጠብኳት፣ የጎደለውን ዓይን በቁልፍ ሰፋሁላትና በሁለት ጆሮዋ ሰገነቱ ላይ ሰቀልኳት። ኦምሪ መጥቶ ሲያያት ጭንቅላቱን ያዘ። ለካ ያንን እድፍ ሲያበጁ ነው የሰነበቱት! «ኢማ፣ ይህቺ እኮ የመቃብር አፈር ነበረባት» ይለኛል። «ታዲያ በመቃብር አፈር ሶፋ ላይ ይተኛል?» አልኩት። ሽበሺ ደግሞ ከዚያ በኩል «ጥንቸል እንኳን ተረግማ ሳትረገምም አትበላም፤ አውጡልኝ ከቤቴ» ይላል። በኋላ ኤይታን ዘዴ አገኘ። አሻንጉሊቷ ራሷን አጥባ ራሷን ሰፍታ መጣች ብለው ፊልሙ ውስጥ አገቡት፤ ይሄ ይብሳል፣ ያስፈራል አሉ። የታጠበ ነገር የሚያስፈራበት አገር ገጥሞሽ ያውቃል?

የኤይታንንም ልንገርሽ። ደም አለቀብን ብለው ፍሪጄን ከፍተው ቀይ ነገር በማሰሮ አገኙ። የቲማቲም መስሏቸዋል። የኔ ድልህ ነው! ኤይታን ግንባሩ ላይ ለቀለቀና ጋደም አለ። ወደ ዓይኑ ሲወርድ የጮኸው ጩኸት እስከ ማዶው ሠፈር፣ እስከ ሽኩና ቫቭ ሳይሰማ አልቀረም። እርጎ ይዤ ስሮጥ ካሜራው አልቆመም ነበር። አሁን ፊልሙን ያየ ሁሉ «ያ ልጅ እንዴት ጎበዝ ነው፣ እውነት ይመስላል» ይላል።

እንግዲህ ወደ ዋናው ልግባ። በፊልሙ ውስጥ ጥንቸሏን መጀመሪያ ማን ረገማት የሚለው መነገር ነበረበት። አንዲት አሮጊት ናት። ልጇን የቀበረች፣ የልጇን አሻንጉሊት ሌላ ልጅ ይዛት ስታይ ልጅቷንም ጥንቸሏንም የምትረግም። አሮጊቷን ሆነው የሚጫወቱት ሴትዮ ታምመው ቀሩ፤ ቀኑ ደረሰ፤ ካሜራው ወደ ኮሌጁ መመለስ አለበት። ኦምሪ መጥቶ እግሬ ሥር ቁጭ አለና «አንቺ ሥሪው፣ ያውም በአማርኛ» አለኝ። ለምን በአማርኛ ስለው፣ «ሰው ያልገባውን ነገር ይፈራል» አለኝ። ይህቺ ቃል ሆዴ ውስጥ ቀረች፣ እታለሜ። እናትና አባታችን ያሳደጉን ቋንቋ ለሰው ማስፈራሪያ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም። ግን ልጅሽ እግርሽ ሥር ተቀምጦ ሲለምንሽ ምን ትያለሽ? እሺ አልኩ።

በዕብራይስጥ የጻፈውን አነበበልኝ። እዚህ አልደግመውም፤ ስለ ዘርና ስለ ንጋት የሚል ነው፣ ከዚያ በላይ እጄ እምቢ አለ። የምረግማትስ ማን መሰለችሽ? ሊያን ናት። ከኛ በላይ ያለው ቤት የምትኖረው የማንአለብሽ ልጅ። ማንአለብሽ ስንት ጊዜ አርግዛ ስንት ጊዜ ባዶ እጇን ከሆስፒታል እንደተመለሰች እኔ ነኝ የማውቀው፤ ከደረጃው ደግፌ ያወጣኋት እኔ ነኝ። ሊያን በስንት ስለት የመጣች አንድ ፍሬ ናት። እና እኔ ተነሥቼ፣ በዚህ አፌ፣ ዓይኗን እያየሁ ያንን ልበላት? ለኦምሪ ብነግረው «ጨዋታ ነው ኢማ፣ ፊልም እኮ ነው» አለኝ። አልተቆጣሁትም። አፍ የሚፈጽመውን ነገር እሱ አላየም፤ አንቺና እኔ ግን ያደግንበት አገር እርግማን ወሬ አይደለም። እምቢ ብል ደግሞ የልጄ የዓመት ልፋት ሜዳ ላይ ሊቀር ነው።

ማንአለብሽ እንኳ በጉርብትና ይሉኝታ ተይዛ እሺ አለች እንጂ በቀረጻው ቀን ፊቷ አመድ መስሎ ነበር የመጣችው። ወጥ ቤቱ በር ላይ አፏን በእጇ ይዛ ቆመች። መስኮቱ ተሸፈነ፤ እኔን ነጠላ አከናንበው ሻማ አስያዙኝ። ሊያን ጥንቸሏን ታቅፋ ራሷን ዝቅ አድርጋ ፊቴ ቆመች። ኦምሪ ጀምሪ አለ። በዚያች ቅጽበት ምን ትዝ አለኝ መሰለሽ? አባታችን ሲቆጣ!

ታስታውሻለሽ አይደል? በሬው እርፍ ቢሰብር፣ እኛ እንስራ ብንሰብር፣ ዓይኑ ደም ለብሶ፣ ጅራፉን አንሥቶ፣ ገደሉ እስኪያስተጋባ «አንቺ የተባረክሽ! እደጊ ነው የምልሽ!» ብሎ የሚጮኸው። ሲቆጣ የሚመርቅ ሰው። እኔ ምርቃት መሆኑን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው፤ በልጅነቴማ ድምፁን ሰምቼ ጎተራ ሥር ነበር የምገባው።

ያንን ድምፅ አወጣሁት። ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ከሆዴ። ጣቴን ሊያን ላይ ቀስሬ «እደጊ! ተመንደጊ! ክፉ አይይሽ! ክፉ አይንካሽ! ያየሽ ይውደድሽ! ዘርሽ እንደ ሰማይ ኮከብ ይብዛ! በወጣሽበት ይቅናሽ! በገባሽበት ይሙላልሽ!» እያልኩ ጮህኩ። ኤይታን መብራቱን ይዞ ወደ ኋላ ሸሸ። ሊያንማ አማርኛ አትሰማ፤ ጥንቸሏን ጥብቅ አድርጋ አቀፈች። ስጨርስ ኦምሪ ዘሎ አቀፈኝ፤ «ኢማ፣ ፀጉሬ ቆመ!» አለኝ። ያንን የፍጥነት አማርኛ ከየት ይስማው? ከአማርኛ ብላና ና ብቻ ነው የቀረው። እኔም ምርቃት ነው አላልኩትም። ማንአለብሽ ግን ሰምታለች። ልጆቹ ሽቦ ሲጠቀልሉ ወጥ ቤት ገብቼ ሳለሁ መጥታ ጉልበቴን ሳመችው። እንዳትነግሪ መባባል እንኳ አላስፈለገንም።

ፊልሙ ባለፈው ሳምንት፣ በሐኑካ በዓል ማብቂያ፣ በሠፈራችን አዳራሽ ታየ። ከኮሌጁ ተማሪዎች መጡ፣ መምህራቸው መጣ፤ የኛም ሰው የኦምሪ ፊልም ነው ተብሎ ነቅሎ ወጣ። አባባ ቢምረው፣ እኒያ የሠፈራችን ሽማግሌ፣ ዓይናቸው ስለደከመ ከፊት አስቀመጥናቸው። የኤይታን ጩኸት ሲመጣ አዳራሹ ራደ። ከዚያ የኔ ፊት በሻማ ብርሃን ድቅን አለ፤ እኔው ራሴን ፈራኋት። ከሥዕሉ ሥር ኦምሪ የጻፈው እርግማን በዕብራይስጥ ተጽፎ ያልፋል። ተማሪዎቹ እሱን እያነበቡ ትንፋሻቸውን ዋጡ። አባባ ቢምረው ዕብራይስጥ አያነቡ፣ ሥዕሉንም በደንብ አያዩ፤ ጆሯቸው ግን ደህና ነው። «እደጊ፣ ተመንደጊ» ስል ሰሙና ሁለት እጃቸውን ዘርግተው «አሜን!» አሉ።

ከኋላ ያሉት ሴቶች ተከተሉ። «ክፉ አይይሽ!» ስል «አሜን!» ይላል ሰው። «ዘርሽ ይብዛ!» ስል «አሜን!»። የማንአለብሽ ድምፅ ከሁሉ በላይ ነበር። ምርቃት ተሰምቶ ዝም ይባላል እንዴ? ያላወቁት ተማሪዎች ግን፣ ልጅቷ ስትረገም አዳራሽ ሙሉ ሽማግሌና እናት «አሜን» የሚል መሰላቸው። አንዷ ብድግ ብላ ወደ በሩ ሄደች። መምህራቸው ሲያልቅ መጥቶ «ሕዝቡን እንዴት አለማመዳችሁት? በሕይወቴ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም» ብሎ የኦምሪን እጅ ጨበጠው።

ኦምሪ ግን አልሣቀም። አሜን የዕብራይስጥም ቃል ነው፤ የሠፈራችን ሽማግሌዎች በእርግማን ላይ እንደማይሉት ያውቃል። ቤት ስንገባ «ምን ነበር ያልሽው?» አለኝ። አንድ በአንድ ተረጎምኩለት። «ስለዚህ ፊልሜ ውስጥ እርግማን የለም?» አለኝ። የለም አልኩት። «ታዲያ ጥንቸሏን ማን ረገማት?» ሲለኝ «እኔ እንጃ፤ እኔ አይደለሁም» አልኩት። ሽበሺ ሣቁን መያዝ አቅቶት ወደ ሰገነቱ ወጣ። ኦምሪ ግን ከልቡ አዘነ። «አታለልሽኝ፤ እኔ የጻፍኩትን ካልተናገርሽ ፊልሙ የኔ አይደለም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አታልዬዋለሁ። «ፊልሙ ያንተ ነው፤ ልጅቷ ግን የማንአለብሽ ናት» አልኩት። ደግሞም አያቱ እንዴት ይቆጣ እንደነበር ነገርኩት። ክፍሉ ገባና ጥቂት ቀን አኮረፈኝ።

ሁልጊዜ ጠዋት ወደ ኮሌጅ ሲሄድ ከበሩ ሳልደርስበት «ባይ ኢማ» ብሎ ደረጃውን ይወርዳል፤ የምለው ሁሉ ከጀርባው ነው የሚቀረው። ትናንት ጠዋት ግን ቦርሳውን አንግቶ በሩ ላይ ቆመ። ረስቶት የሚፈልገው ነገር ያለ መሰለኝ። ራሱን ዝቅ አደረገና በዚያ በተሰባበረ አማርኛው «እኔንም ተቆጪኝ» አለኝ።

እታለሜ፣ ጣቴን ቀሰርኩበት። ከዚያ ተቆጣሁት! ሕንፃው እስኪሰማ ተቆጣሁት። የት እንደሚያበቃ ስለማያውቅ ትንፋሽ በሳብኩ ቁጥር «አሜን» ይላል። አውቶቡሱ ሲያልፍ ሁለታችንም አየነው፤ አልተንቀሳቀሰም። ግን «በገባህበት ይሙላልህ» ካልኩ በኋላ ጠፋብኝ። አባታችን ከዚያ ቀጥሎ ስለ ውሃና ስለ ጥላ የሚለው ነበረው፤ ብጎትተው ብጎትተው አልመጣ አለኝ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ይጠብቃል። «የቀረውን አክስትህ ይዛዋለች» አልኩት። «ጠይቂያት» አለኝ።

አንቺ በኩር ነሽ፤ ቁጣውን እስከ መጨረሻው የሰማሽው አንቺ ነሽ። ሸዋርካብ ከአፍሽ እየተቀበለች ትጻፈው፤ እንዳታሳምረው፣ እሱ እንደሚለው እንዳለ።

ለጋሼ ዘበነ ጉልበታቸውን ስሜ ሰላም ብዬአለሁ፤ ማሩን ከሎሚ ጋር ይጠጡ። ሸዋርካብን ዓይኗን ሳሚልኝ፤ ይህን ሁሉ ስላነበበች ጉሮሮዋን ውሃ አቅምሻት። ለጎረቤቶችሽ ሁሉ፣ ስሜን ላልረሱት፣ እጅ ነሥታለች በይልኝ። ሽበሺ ሰላም ይልሻል፤ ጥንቸሏ ከቤት ወጥታለችና አትስጊ ብሏል። ኦምሪ ደግሞ ስሙን እዚህ በራሱ እጅ በአማርኛ ልጻፍ ብሎ ብዕሩን ነጥቆኛል፤ ፊደሉ ቢንጋደድም አንብቢለት፦ ማንያዘዋል።

እህትሽ ይታይሽ ጓንጉል
ቤርሼባ፣ ሽኩና ኣሌፍ
ታኅሣሥ 9 ቀን 2000 ዓ.ም.