ከእንግሊዝ አገር የተቆጠረ ሰባት ቤት

ሰኞ
ዕድሜዬን ሙሉ የኮራሁበት እንግሊዛዊ አያቴ ዛሬ ጉድ አደረገኝ። የእጮኛዬ የናሆም አክስት እትዬ አስካለ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ዘር ይቆጠር ብለዋል፤ እስከ ሰባት ቤት። ናሆምን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። እሳቸው እንቢ ካሉ ሠርግ የለም። ቅዳሜ ሃያ ሁለት ሰፈር ቤታቸው ለምሳ ጠርተውኛል።

በአባቴ በኩል ያለኝ አንድ ስም ነው። የአባቴ የክርስትና ካርድ «ዮሴፍ አርተር ዋልተር» ይላል። አርተር አባቴን ጨቅላ ሳለ ጥሎት አገሩ ገባ፣ በዚያው ቀረ። አባቴም ካረፈ ቆየ። ማንን ልጠይቅ?

ማክሰኞ
አትላስ፣ ሆቴሉ እንግዳ መቀበያ፣ ሥራ ላይ። ከሰዓት እንግዳ የለም፤ የሆቴሉ ኢንተርኔት ደግሞ ፈጣን ነው። ለካ እንግሊዞች የልደትና የጋብቻ መዝገባቸውን በበጎ ፈቃደኞች እያስገለበጡ በነፃ አስቀምጠውታል። ማንም ገብቶ ያያል። የፈረንጅ መጨረሻ ስም የቤተሰብ ስም መሆኑን አውቃለሁ፣ እኔ የአራዳ ልጅ! ዋልተርን የቤተሰብ ስም የሚለው ቦታ ላይ ጻፍኩት።

አርተር ዋልተር እንደ አሸን ነው። ዕድሜው የሚሆነውን፣ አንድ ሰው የዘር ሐረጉን ሠርቶ የጨረሰለትን መረጥኩ። ወፍጮ ቤት የነበራቸው፣ ቤተ ክርስቲያን ያሠሩ ሰዎች ናቸው። ሌሎቹን አልከፈትኳቸውም። ለምን ልዋሽ፣ ወፍጮውን ወድጄው ነው።

ኀሙስ
ከየካ አባዶ እስከ መገናኛ ሚኒባስ ውስጥ ሳጠና መጣሁ። ዮሴፍ፣ አርተር፣ ዊልያም፣ ጆን፣ ቶማስ፣ ሮበርት፣ ጆን። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ የምጸልይ መስሏቸው ቦታ ለቀቁልኝ።

ቅዳሜ
ተወጣሁት! አንድም ሳልስት ደረደርኩት። ወፍጮውንም ጨመርኩበት። እትዬ አስካለ «በርቺ ልጄ» እያሉ አጎረሱኝ። ናሆም ለአጎቱ ልጆች «የባለወፍጮ ልጅ ናት» ሲል ሰማሁት፤ ደስ አለኝ።

እትዬ አስካለ ቡና ሲመጣ «የእናትሽስ ወገን?» አሉኝ። «እሱ ቀላል ነው፣ ይደርሳል» ብዬ ወደ ወፍጮዬ ተመለስኩ።

እሑድ
ምነው ባልተናገርኩ።

እማዬ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ የትናንቱን አወራሁላት። እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ የበረንዳውን በር ንፋስ እንዳይዘጋው የምናስደግፍበትን አሮጌ የአናጺ መላጊያ አንስታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። «የአያትሽ ነው። ስሙን የመታው እዚህ ላይ ነው ትለኝ ነበር፣ የአባትሽ እናት። እስቲ አንብቢው፣ አንቺ ያልሽው ነው?»

እንጨቱ ላይ የአርተርና የዋልተር መነሻ ፊደላት አሉ። ከእነሱ ቀጥሎ «ፔል» ይላል። ዋልተር ሁለተኛ ስሙ ነው፣ የቤተሰብ ስሙ ፔል ነው። እዚህ አገር ካርዱን የጻፈው ሰው ስምና የአባት ስም ብሎ ሁለቱን ወስዶ ሦስተኛውን ትቶታል።

በዚያው ነፃ መዝገብ ፈለግሁት። አርተር ዋልተር ፔል አንድ ብቻ ነው። አብሮ የተቀመጠው የድሮ የሕዝብ ቆጠራ ላይ አባቱ የእርሻ ሠራተኛ ነው ይላል፣ ሰው እርሻ ላይ ተቀጥሮ የሚሠራ። ከዚያ በላይ የሚታይ የለም። ወፍጮም የለም።

በማላውቃቸው ሰዎች ስም ምሳ በላሁ። ከዚህ የባሰው ደግሞ፣ ያያቴ አባት ገበሬ መሆኑን ሳይ ፊቴ ጠቆረ። እማዬ አይታኛለች። የእሷም አባት ገበሬ ነበር።

ሰኞ
ለናሆም በስልክ ነገርኩት። «ለሰው ሁሉ አውርቼ...» ብሎ ተወው። ከዚያ «ራስሽ ንገሪያቸው» አለኝ። ሌላ ምን ይበል?

ማክሰኞ
ከሥራ ወጥቼ ሃያ ሁለት ሄድኩ። ቆሜ ነገርኳቸው፣ ቁጭ በይ ቢሉኝም እንቢ አልኩ። የቆጠርኩልዎ የእኔ ዘር አይደለም፣ የሰው ነው አልኳቸው።

እትዬ አስካለ ሳቁ። «እንግሊዙ ከእኛ ጋር በየት በኩል ይዛመዳል ብለሽ ነው? ደስ ብሎሽ ስትደረድሪ ጊዜ ዝም አልኩሽ እንጂ።» ከዚያ ሳቃቸውን አቆሙ። «የአባትሽ እናት አገራቸው ከእኛ ሩቅ ነው፤ እኔን ያስጨነቀኝ የእናትሽ ነው። መርሐቤቴ ናት አለኝ ናሆም። እኛስ ከዚያው አይደለን? የእናትሽን አባት ማን ይሉታል?»

«አያሌው።»

«የእሱስ አባት?»

የእንግሊዝ ባለወፍጮ እስከ ሰባት ቤት በቃሌ፣ የእናቴን አያት ግን አላውቅም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ዘመድ ሆነን ብንገኝስ? እስከ ቤቴ ድረስ እሱን ሳስብ ነው የሄድኩት።

እማዬ ምስር ትለቅም ነበር። ስጠይቃት እጇን አቆመች። «እኔን?» አለች።

ቆጠረች፤ አምስተኛው ላይ ጠፋባት። አገር ቤት ላለው ወንድሟ ደወለች፣ እሱ ደግሞ ሽማግሌ ጎረቤቱን ጠይቆ መልሶ ደወለ። ሰባቱን ይዛ በራሷ ስልክ ከእትዬ አስካለ ጋር በናሆም አባትም በእናቱም በኩል ሲያመሳክሩ እኔ መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ ቆምኩ። በመጨረሻ በሩን አንኳኳችው። «ውጪ፣ አትገናኙም።»

ስነግረው ናሆም በስልክ በደስታ ጮኸ። እኔ ግን መጮህ አልቻልኩም።

እማዬ መላጊያውን ወደ በሩ ልትመልስ አነሳችውና ጠረገችው። «እስቲ የእንግሊዙንም አሳዪኝ፤ ስንት ዓመት ዕቃውን ጠብቄለታለሁ» አለችኝ። የአርተርን መስመር ከፍቼ አነበብኩላት፣ የአባቱንም ሥራ ሳልዘል። «እሱም የሰው ልጅ» አለችና ወደ ምስሯ ተመለሰች።

የእናቴ አያት ወልደ ሰማያት ይባላሉ። ጠረጴዛው ዙሪያ አብረን እንደተቀመጥን ነው ይህን የምጽፈው፤ አፍሬ ግን ቀና ብዬ አላየኋትም።