ሃያ ሊትሩ ጀሪካን

ፒያሳ፣ ጥር 14 ቀን

እህት ዓለም፣

እንደምን ሰነበትሽ ማለት የደብዳቤ ወግ ነው፤ እኔ ግን መልሱን አውቀዋለሁና አልጠይቅሽም። ይልቅ ጉልበትሽ እንዴት ነው? ፍራሽ መሬት ላይ ተዘርግቶልሽ ከተቀመጥሽ ሁለተኛ ሳምንትሽ ነውና ብርዱ እንዳይገባብሽ። እህል መቅመስ አለመቅመስሽን ሉዋም በየቀኑ ትነግረኛለች። ትናንት ግማሽ ዳቦ በሻይ በላች ስትለኝ ተመስገን አልሁ። እኔን ከጠየቅሽኝ፣ ባትጠይቂኝም፣ አለሁ።

ስደውል ትዘጊብኛለሽ። አራተኛ ፎቅ ድረስ መጥቼ በር ተዘጋብኝ። ስለዚህ ይህን ጽፌ በልጅሽ በሉዋም እጅ ላክሁልሽ። አሽጌዋለሁ፤ መነጽርሽን አድርገሽ ራስሽ አንብቢው፣ እሷ አታንብብልሽ። ማንም እንዳላስተማረኝ ታውቂያለሽ። ፊደልን ከፒያሳ ሱቆች ታፔላ ላይ ለቅሜ፣ ኋላ ራሴ ታፔላ ጸሐፊ ሆንሁ። ታፔላ ደግሞ አጭር ነው፤ እንዲህ ረዥም ነገር ጽፌ አላውቅምና ስህተቱን እለፊው።

በመርዶው ጠዋት፣ አቶ ዘርዓብሩክ የእድሩን ሽማግሌዎች ይዞ ጎህ ሲቀድ በርሽን አንኳኩቶ፣ ሃፍቶም ባሕር ላይ መቅረቱን ሲነግርሽ፣ ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል እኔን ፈልገሽ አየሽኝ። ልጄ ሞቶ አሳቅኸኝ አልሽኝ። ከዚያ ወዲህ ቃል አልተነፈስሽልኝም።

ልክ ነሽ። አሳቅሁሽ።

ታኅሣሥ ሃያ ስድስት ቀን ገብረአምላክ የሚባል ልጅ ከጅቡቲ ደወለልኝ። ከሃፍቶም ጋር በአንድ ጀልባ ተሳፍሮ ነበር፤ ጀልባዋ ከተገለበጠች አራተኛ ቀኗ ነው አለኝ። ተነሥቼ አቶ ዘርዓብሩክ ዘንድ ሄድሁ። እሱም፣ ልደት ሦስት ቀን ቀርቶታል፣ ይህን ሁሉ ቀን የጾመች እናት በበዓሏ ዋዜማ አትረዳም፣ በዓሉ ይለፍ አለ። ቀጥሎም፣ አንተ ተጫዋች ነህ፣ ፊትህ አያስታውቅም፣ እስከዚያው አንተ ያዛት አለኝ። ይኸው የዕድሜ ልክ ቀልዴ ለዚህ ቀን ተፈለገ።

የልደት ዕለት ለልጅ ልጄ ፒያሳን ላሳያት ብለሽ፣ ሉዋምንና ሰምሃርን አስከትለሽ መጣሽ። ሰምሃር በአዲስ ቀሚሷ ላይ ፊኛ አስራ ነበር። ዶሮ ማነቂያ፣ ቤታችን የነበረበት ቦታ ስንደርስ ቆምሽና፣ አሁን የተተከለውን አበባ እያሳየሻት፣ እናትሽ የተወለደችው እዚህ አበባው ላይ ነው አልሻት። ልጅቱም፣ ታዲያ ድሮ ሀብታም ነበራችሁ እንዴ አለችሽ። አንቺ የሳቅሽው ያኔ ነው፣ የመጀመሪያውን። እሱ የኔ ሥራ አይደለም።

ሁለተኛው ግን የኔ ነው። የገና ዱላ ቆልምሜ፣ ጥንጉን ከአሮጌ ካልሲ ጠቅልዬ አምጥቼ ነበር። ከሰምሃር ጋር አስፋልቱ ዳር መጫወት እንደጀመርን ጥበቃው ፊሽካውን እየነፋ መጣና ክልክል ነው አለኝ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ብዬ ዱላውን አቀበልሁት። ግራ ቀኝ አየ። አንዴ ብቻ አለና በሙሉ ኃይሉ ለጋ፤ ጥንጉ በርሮ ኬክ ቤቱ በረንዳ ላይ እግራቸውን አነባብረው የተቀመጡ አንድ ባለ ከረባት ሰውዬን ማኪያቶ ሱሪያቸው ላይ ደፋው። ጥበቃው ፊሽካውን አንገቴ ላይ አጥልቆልኝ ሮጠ። አንቺ ነጠላሽን አፍሽ ላይ ይዘሽ፣ የመብራት ምሰሶ ተደግፈሽ፣ እንባሽ እስኪፈስ ሳቅሽ። ቤቱ ከፈረሰ ወዲህ እንደዚያ ስትስቂ አይቼሽ አላውቅም። ለአንድ አፍታ እኔም ረሳሁት። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እውነት ረሳሁት።

እንባሽን ጠርገሽ፣ ሃፍቶም ይህን ሳያይ ቀረ አልሽ። ቀጠልሽና፣ ሊሳለም የሄደበት ላሊበላ ኔትወርክ የለም እንዴ፣ ለበዓል እንኳ አይደውልም ወይ አልሽኝ። እኔም፣ ሊመንን ነው መሰለኝ፣ ስልኩን ለሰይጣን አስረክቦታል አልሁሽ። ሦስተኛው ሳቅሽ ይህ ነበር።

ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በላይ ካለችው ክፍሌ ገብተን፣ ያመጣሽውን ዶሮ ስትከፍቺ ፈረሰኛውን ለብቻ አስቀምጠሽው አየሁ። ለሃፍቶም አልሽ። በልተን ስንጨርስ ግን ሐሳብሽን ቀየርሽ። እስኪመጣ ይበላሻል፣ ስለ እሱ አጎቱ ይብላው ብለሽ ጠቀለልሽና እጅሽን ዘረጋሽ። አፌን ከፈትሁ። ዋጥሁት። እህት ዓለም፣ እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ላይ ነው።

እንግዲህ ለዚያ ቀን ሳቅ ይቅርታ የምለምን መስሎሽ ይሆናል። ለእሱስ ሽማግሌ አዘዘኝ ብል ሰው ይፈርድልኛል። እንቅልፍ የነሣኝ ግን ሌላ ሳቅ ነው፤ ከልደት በፊት የሳቅሽው።

ታኅሣሥ መግቢያ ላይ ሃፍቶም ከማኅበርተኞች ጋር ላሊበላ ልሳለም ብሎ ሲነሣ፣ መናኸሪያ ልሸኘው መጥቼ ነበር። በርሽ ላይ ቢጫ ጀሪካን ይዞ ስታዪው፣ ለጸበል ሃያ ሊትር ምን ያደርጋል፣ ትንሿ አትበቃም ወይ አልሽው። ልጁ መሬት መሬት አየ። እኔ ቀደምሁና፣ ኮንዶሚኒየሙን በሙሉ ሊያስጠምቅልሽ ነው፣ ከዚያች ከሦስተኛ ፎቋ ጎረቤትሽ ጀምሮ አልሁሽ። ሳቅሽ። ጥያቄሽም እዚያው ቀረ። በሶውን አስያዝሽው፣ ግንባሩን ሳምሽው፣ ሄደ።

ጀሪካኑን ለባሕሩ መንገድ የመረጥሁለት እኔ ነኝ። ስሙን በቀይ ቀለም፣ በታፔላ ፊደል የጻፍሁበትም እኔ ነኝ። ክዳኑ አየር እንዳያስገባ ከመኪና ጎማ ከመነዳሪ፣ ከውስጡ ላስቲክ፣ ቆርጬ አጠበቅሁለት። ውኃ እንዳትሞላበት፣ ባዶውን ያዘው አልሁት። ልጁ ዋና እንደማይችል አንቺም እኔም እናውቃለን።

ገብረአምላክን፣ መሞቱን እርግጠኛ ነህ ወይ ብዬ ስጠይቀው፣ ጀሪካኑ እኔ ጋ ነው አለኝ። እሱ ራሱ ዋና አልችልም ብሎ ሲጮህ፣ ሃፍቶም ያዝ ብሎ አስታቅፎታል። ቀይ ጽሑፉ እስከ አሁን አልለቀቀም አለኝ። ቀለሜ እንደማይለቅ ለደንበኛ ሁሉ ስምል ኖሬያለሁ።

አርባው የካቲት ሁለት ነው። ከፍራሽሽ ዳር ልቀመጥ አልልሽም፤ ድንኳኑን እተክላለሁ፣ ወንበሩን እደረድራለሁ፣ ደጅ እቆማለሁ። ሰዉ ሲሄድልሽ ግን አስጠሪኝና ያንኑ ጥያቄ ደግመሽ ጠይቂኝ። ለጸበል ሃያ ሊትር ምን ያደርጋል በዪኝ። ሳልቀልድ እመልስልሻለሁ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ይባላል፤ ገናው አልፏልና ተቆጪኝ።

ሰምሃር ጥንጉን ጠይቃለች አሉ፤ ለሉዋም ሰጥቻታለሁ። የልጃችንን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን። ለአንቺ ጽናቱን ያብዛልሽ፣ ከእኔ ዕድሜም ቀንሶ ይጨምርልሽ።

የሃፍቶም አጎት