ለባሃማስ የተላከ በርበሬ

ሐሙስ፣ ሜይ 14

ዛሬ ፌርፋክስ ካለው የሐበሻ ሱቅ ሽሮ ልገዛ ገብቼ፣ አፌ አላርፍ ብሎ ቅዳሜ ባሃማስ እንደምሄድ ለባለሱቋ ለእትዬ ጥሩወርቅ ነገርኳቸው። ወዲያው ሁለት ኪሎ በርበሬ አሽገው ሰጡኝ። ልጃቸው እዚያ ሆቴል ትሠራለች። «ያው አንድ አገር አይደል እንዴ? ታደርሺላታለሽ» አሉኝ።

አገሩስ አንድ ነው፤ ደሴቱ ነው መዓት። እኔ ርካሽ ክፍል ቡክ ያደረግኩት ዋና ከተማው ናሶ ነው። ልጅቷ ያለችው ሌላ ደሴት ላይ ነው፤ በጀልባ ሄዶ መመለስ ከአራቱ ቀኔ አንዱን ይበላል። ትኬቴም ከወንበር ሥር ከምትገባ ቦርሳ ሌላ አይፈቅድም። ይህን ላስረዳ ስል «እናትሽ ደህና ናት በያት» አሉኝ። ያን ጊዜ ባንኮኒው ላይ የተደገፈ ምርኩዝ አየሁ። ባለፈው ወር ምርኩዝ አልነበራቸውም። «እሺ» ብዬ ወጣሁ።

ቤት ገብቼ ጫማዬንና ፎጣዬን ከቦርሳው አወጣሁ፤ በርበሬው ገባ። ሰኞንም ለጀልባው ሰጠሁት። ልጅቷ «እማዬ እንዴት ናት?» ስትለኝ ምን እንደምላት ግን አላውቅም።