ሳላይሽ ያሳደግሁሽ ልጄ

ባሕር ዳር፤ ግንቦት ፲፬ ቀን ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.

ለልጄ ለፀሐይወርቅ
አሰብ

እንደምን ከርመሽልኛል? ያ የአሰብ ሙቀት ከነልጅሽ እንዴት አድርጎሻል? ባልሽ አምባቸውስ የወደቡ ሥራ ተስማማው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ሌሎች እናቶች ደብዳቤ ሲጽፉ «የዓይኔ ብሌን» ብለው ይጀምራሉ። እኔ ያን ቃል አልጽፍልሽም። ለምን እንደሆነ ይህን ጨርሰሽ ስታነቢ ይገባሻል፤ እስከዚያ አትቆጪ። ቁጣሽ እንኳ የአባትሽ ነውና አይፈረድብሽም።

ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ታገሺኝ። እስከ ዛሬ ደብዳቤዬን የምትጽፍልኝ ጎረቤታችን ዘይነት ነበረች፤ ይህን ግን ለሰው ላስጽፈው አልችልም። በመሠረተ ትምህርት የለቀምኋት ፊደል ለዚህ ቀን ትሁነኝ ብዬ ሦስት ቀን እየሰረዝሁ ስጽፍ ከረምሁ።

ደብዳቤሽ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ደረሰኝ። ልጅሽ ስድስት ወር እንደሞላው፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሐምሌ ላይ ይዘሽው እንደምትመጪ ጽፈሻል። ቀጥለሽም እንዲህ ብለሻል፦ «እማዬ፣ እኔን አንድ ቀን ፊት ለፊት አይተሽኝ አታውቂም። ልጄን ግን ታቅፈሽ ታይዋለሽ። እሱንም ፊትሽን ካዞርሽበት ከእንግዲህ እናት የለኝም።» ዘይነት እያነበበችልኝ እዚህ ላይ ስትደርስ ማንበቧን አቆመች። ወረቀቱን አጥፋ «ልጅ ናት፣ አትያዥባት» አለችኝና ወጣች።

ልክ ነሽ። ስትበዪ ጀርባዬን አዞርብሽ ነበር። አዲስ ቀሚስ ለብሰሽ ስትመጪ «ምንድን ነው ይኼ፣ ማቅ አስመሰለሽ» እልሽ ነበር። ከመምህራን ማሠልጠኛ የተመረቅሽ ቀን ሌላው እናት እልል ሲል እኔ «ቀሚስሽ ረዝሟል» ብዬ መሬት መሬት አየሁ፤ አንቺም ጓደኞችሽ ፊት አለቀስሽ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ሹሩባ እሠራሽ ነበር፤ ትዝ ይልሻል? ስንት ባለሙያ እያለ ጠጉርሽን ለማንም አልሰጥም ነበር። ከኋላሽ ስቀመጥ ፊትሽ አይታየኝም። በሁለት ሰዓት የሚያልቀውን አራት ሰዓት አስፈጀው ነበር። እሱ ነው እንግዲህ የኔ መሳም፤ ሌላ አልነበረኝም።

ቡዳ ነኝ፣ ልጄ። ይኸው ጻፍሁት፤ ብዕሩም አልተሰበረ።

የተወለድሁት ከመራዊ ወዲያ ባለች መንደር ነው። አባቴ ዘበኛ ነበር ያልሁሽ ዋሽቼ ነው፤ ቀጥቃጭ ነበር። ሰው ማረሻውንና ማጭዱን ከእጁ ይወስዳል፣ ከቤታችን ግን እህል አይቀምስም። እናቴ፣ አያትሽ እናትዓለም፣ ድክ ድክ ማለት ከጀመርሁበት ቀን አንስታ ያስተማረችኝ አንድ ትምህርት ነው፦ «ደስ ያለሽን ነገር አትዪው። ካየሽውም እንከኑን ፈልጊ። ሰው ሲበላ መሬት መሬት እዪ።» ለምን ስላት «ኋላ ታውቂዋለሽ» ትለኝ ነበር።

አወቅሁት። ስምንት ዓመቴ ነው። ለጥምቀት አንዲት አደይ የምትባል የጎረቤት ልጅ አንገቷ ላይ ሰማያዊ ዶቃ አሰሩላት። ዳቦ እየበላች ቆማ አየኋት። አንድም ቃል ከአፌ አልወጣም፤ በሆዴ ግን «ይች ዶቃ ከሷ ይልቅ በኔ አንገት ባማረች» አልሁ። በማግሥቱ ታመመች። ሥር አጨሱባትና «ማን ነው የበላት? ተናገር!» እያሉ ያዟት። መንደሩ ሁሉ ተሰብስቧል፤ እኔም እናቴ ቀሚስ ውስጥ ተሸጉጫለሁ። አደይ ዓይኗን ሳትገልጥ ተናገረች። ቃሉ እኔ በሆዴ ያልሁት ነው፣ አንድም አልጎደለም። ድምፁም የኔ ነበር። ያኔ የፊት ጥርሴ ወልቆ እኮላተፍ ነበር፤ ያን ኩልትፍትፌን ሳይቀር ተናገረችው። የሷ ጥርስ ግን ሙሉ ነበር።

ጎትተው ወሰዱኝና «እንትፍ በይባት» አሉኝ። እንዲህ ነው ደንቡ፤ የበላ ሰው ከተፋበት የታመመው ይድናል። ተፋሁባት፤ ተነሥታ ውሃ ጠየቀች። አባቴ በዚያው ሳምንት ባሕር ዳር ወዳለችው አክስቴ ሰደደኝ። እናቴን ዳግመኛ ያየኋት ቀብሯ ላይ ነው።

ከተማ ደግ ነው። ፋብሪካው ሲከፈት ሰው ከየጠቅላይ ግዛቱ መጥቶ ተቀጠረ፤ የማን ልጅ ነሽ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። መጀመሪያ ክር መፍተያው ላይ አቆሙኝ። ማሽኑ ሲሽከረከር ደስ ብሎኝ ያየሁት ቀን ከፊቴ ያለው ክር ሁሉ ባንድ ጊዜ ተበጠሰ። ሦስተኛ ጊዜ ሲደገም አለቃዬ «አንቺስ እጅሽ አይሆንም» ብሎ ጨርቅ ፍተሻ ላይ አዛወረኝ። እንከን እየፈለግሁ ደመወዝ እበላ ጀመር። እናቴ ሰምታ ቢሆን በሳቀች ነበር። ሃያ ምናምን ዓመት ሆነኝ፤ ከዓይኔ ያመለጠ እንከን የለም።

በቀረው እንደ ማንም ሰው ኖርሁ። ውሾች አይጮሁብኝም። ጎህ ሲቀድ ወደ ፈረቃ ስንሄድ ጅብ መንገድ ላይ ካጋጠመን የሥራ ጓደኞቼ ነጠላዬን ይይዛሉ፤ «አገርነሽ ካለች አይነካንም» ይሉና ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ጅቡ ግን ቆሞ ያሳልፈኛል፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ። ጠግቤ የማየው ጣናን ብቻ ነው፤ ውሃ ነው፣ ምን ይሆናል ብዬ። ከሥራ ስወጣ ዳር ቁጭ ብዬ ዘጌን ማዶ እያየሁ እውላለሁ። ዘንድሮ ውሃው ከድንጋዩ ብዙ ሸሽቷል። ዘይነት «ዝናቡ ዘግይቶ ነው» ትላለች፤ እኔ ዓይኔን ከውሃው ላይ አነሣለሁ።

አሁን ስለ ወንድምሽ ስለ አዘዘ ልንገርሽ።

በ፷፰ ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የቀበሌ ስብሰባ ተጠራን። አንድ ዘማች ተማሪ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ «ቡዳ የሚባል ነገር የለም! ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪውን ለመርገጥ ፊውዳሎች የፈጠሩት ተረት ነው! ከእንግዲህ ወንድሙን ቡዳ ብሎ የሰደበ ይቀጣል!» አለ። ከኔ በላይ ያጨበጨበ አልነበረም፤ መዳፌ ፍም መሰለ። ዕድሜ ልኬን የተሸከምሁት ነገር በአዋጅ ወረደልኝ። የተማረ ሰው ነው የተናገረው፣ አመንሁት።

ከስብሰባው እየሮጥሁ ቤት ገባሁ። አዘዘ አራት ዓመቱ ነበር፤ ፍርፍር እየበላ ነው። ፊት ለፊቱ ቁጭ ብዬ አየሁት። የወለድሁትን ልጅ ሲበላ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ሲያኝክ ጆሮው ይንቀሳቀስ ነበር፤ እስከዚያ ቀን አላወቅሁም። ሳቀልኝ። እኔም በሆዴ «ተመስገን፤ ዛሬስ አየሁህ፣ ጠገብሁህ» አልሁ።

በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ያዘው። ሐኪሙ ወባ ነው፣ ጭንቅላቱ ላይ ወጥቷል አለ። ያን ዓመት ወባ ብዙ ልጅ ወስዷል፤ እውነት ነው፤ አንቺም ይህንኑ ነው የምታውቂው። ግን ያን ቀን አንቺ አክስቴ ቤት ነበርሽ። አልጋው አጠገብ የነበርነው እኔና አባትሽ ገብረ ኪዳን ብቻ ነን። አዘዘ ዓይኑን ሳይገልጥ አፉን ከፈተ። የወጣው የትልቅ ሴት ድምፅ ነው። «ተመስገን፤ ዛሬስ አየሁህ፣ ጠገብሁህ።»

አባትሽ ድምፁን አወቀው። ቀና ብሎ አየኝ። ዘልዬ ተነሥቼ እንትፍ እንትፍ አልሁበት፤ አፌ እስኪደርቅ ተፋሁ። አደይን ያዳናት ምራቅ የራሴን ልጅ አላዳነውም። «ቡዳ በወዳጁ ይጠናል» ሲባል ሰው ለቀልድ ይመስለዋል። እኔ ትርጉሙን እዚያ አልጋ ሥር ተንበርክኬ ተማርሁት።

አባትሽ በአርባው ማግሥት ሻንጣውን አነሣ። አባረርሽው ብለሽ ስንት ዓመት ስትቀየሚኝ ኖርሽ። አላባረርሁትም። አንቺን ይዞ ሊሄድ እጅሽን ጨብጦ ነበር፤ እግሩ ላይ ወድቄ «አላያትም፤ ስትበላም ስትስቅም አላያትም፤ የአዘዘ አፅም ይፋረደኝ» ብዬ ማልሁለት። በዚያ መሐላ ነው ትቶልኝ የሄደው። እኔም መሐላውን ጠበቅሁ። አንቺ እናቴ አትወደኝም ስትዪ እኔ የምጠብቀው እሱን ነበር። እንዴት እንደምወድሽ ባውቀው ነው ፊቴን ያዞርሁት።

አንቺ ንጹሕ ነሽ፤ በዚህ አትጨነቂ። ልጅ ሳለሽ የዘይነትን ጫጩቶች ቀኑን ሙሉ አፍጠሽ ስታያቸው ትውዪ ነበር፤ አንድም አልሞተም። እያንዳንዷን ቀን ቆጥሬ ነው ያረጋገጥሁት።

እንግዲህ ሐምሌ ላይ ስትመጪ ቤቱን ለቅቄላችሁ ዘጌ ሱባኤ ልገባ ነበር ያሰብሁት። ዘይነት ትቀበልሽ፣ አልጋው ተነጥፎ ይጠብቅሽ፤ እኔም አውቶቡስ ስትሳፈሪ ከሩቅ ጀርባሽን አይቼ እመለስ። ብትረግሚኝም እርግማንሽን እቀበል። እንዲህ ወስኜ ነበር።

ግን ፖስታው ውስጥ ፎቶ አድርገሻል። እስከዚህ ድረስ ያላነሣሁት ፈርቼ ነው። ዘይነት አውጥታ ስትሰጠኝ ፊቴን አዞርሁ። «የልጅ ልጅሽን አታዪውም እንዴ?» አለችኝ።

«ዓይኔ ደክሟል፤ አንቺ ንገሪኝ» አልኋት።

«ማሻአላህ! ድብልብል ያለ! አፍንጫው የአባቱ ይሆናል፣ ዓይኑ ግን ያንቺ ነው፣ አገርነሽ። ቁርጥ ያንቺ። ፎቶ ላይ ሆኖ እንኳ ሰው ሲያይ ያሳፍራል» ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ትታ ፎቶውን ቶሎ ጠረጴዛው ላይ ደፋችው።

ያቺን ቃል ይዤ ሁለት ሳምንት ተኛሁ፣ ተነሣሁ። እናቴ ቡዳ ቡዳን አይበላም ትል ነበር። ዓይኑ የኔ ከሆነ የኔ ዓይን አይነካውም። ለጠላቴ ልጅ የማልመኘውን ነገር ለልጅሽ ተመኘሁለት፤ አንዴ ላየው ብዬ ነው። ይቅር በዪኝ።

ረቡዕ ከፈረቃ ወጥቼ በዘጠኝ ሰዓት መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ፎቶውን ገለበጥሁት። መጀመሪያ እንከን ፈለግሁ፣ እንደ ሥራዬ። ጆሮውን አየሁ፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ አየሁ፣ አገጩን አየሁ። አንድም አጣሁ። ከዚያ መፈለጉን ተውሁና ዝም ብዬ አየሁት። በሆዴ ምን እንዳልሁ አልጽፍልሽም። ብርሃኑ ሲደክም ነው የደፋሁት፤ ያኔውኑ ይህን ደብዳቤ ጀመርሁ።

ስለዚህ ይህ እንደደረሰሽ ፖስታ ቤት ሂጂና ቴሌግራም ላኪልኝ። ረቡዕ ግንቦት ፲፪ ከዘጠኝ ሰዓት ወዲህ ልጁ እንዴት ነው? ረጅም ነገር አያስፈልግም።

ደኅና ካልሆነ እዚህ ፖስታ ውስጥ የታጠፈ ነጭ ጨርቅ አለ፤ እንትፍ ብዬበታለሁ። ፊቱንና ደረቱን አብሺበት። ሳቂብኝ፣ መምህር ነሽ፤ ግን አብሺበት። ሐኪም ቤትም ውሰጂው።

ደኅና ከሆነ ግን ለመደሰት አትቸኩዪ። ደኅና ከሆነ ከኛ ነው። ያን ጊዜ ሐምሌ ላይ ይዘሽው ነይ፤ ዘጌም አልሄድ፤ እናቴ ያስተማረችኝን እያቀፍሁ አስተምረዋለሁ። እስከዚያው ከዛሬ ጀምሮ ጡት ስትሰጪው ፊትሽን በነጠላ ሸፍኚ። ከማንም አብልጦ የሚወደው አንቺን ነውና፣ ሲጠግብ ቀና ብሎ እንዳያይሽ።

እኔ ልጠብቅሽ ያልቻልሁትን እመቤታችን ትጠብቅሽ። አምባቸውን ሳሚልኝ። መልስሽ እስኪመጣ ከቴሌግራም መቀበያው ደጃፍ አልጠፋም።

እናትሽ
አገርነሽ