በእጄ ልክ የሆነች ጊታር

ውድ ወንድም ጋሼ፣

በወሩ መጨረሻ እንደምትመጣ ደብዳቤህ ላይ ካነበብኩ ጀምሮ ደስታና ጭንቀት አንድ ላይ ይዘውኛል። ጭንቀቱን ሳትመጣ ልንገርህ፤ ፊትህ ቆሜ ለመናገር ድፍረቱ የለኝም።

ስትሄድ ጊታርህን አልጋዬ ላይ አስቀምጠህ «እጅሽ እስኪያድግ ጠብቂ፣ ያኔ እማዬ የምትወደውን ዜማ ትጫወችላታለሽ» አልከኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ «እየተጫወትኩላት ነው» እያልኩ ጻፍኩልህ። ዋሸሁህ። እጄ አላደገም። የጊታሩ አንገት መዳፌን ይሞላዋል፣ ትንሿ ጣቴ ክሩ ጋ አትደርስም፣ ሆዱ ብብቴን ይወጋኛል። እማዬ ስትጠይቀኝ «ክሩ ተበጥሷል» እላታለሁ። ምስኪን፣ ሁለቴ ክር ገዝታ አምጥታልኛለች።

ደብዳቤህ በደረሰ ማግስት ልብስ ስፌት ቤቴን ዘግቼ፣ ጊታርህን ተሸክሜ ጊታር ጠጋኙ ዘንድ ሄድኩ። የሚሸጣቸውን አንድ በአንድ እያስያዘኝ፣ ጣቶቼን ትቶ ትከሻዬን ያያል።

«ምነው፣ የምጫወተው በትከሻዬ ነው እንዴ?» አልኩት።

«ትከሻሽ ከተነሳ ጊታሩ ገዝፎብሻል ማለት ነው። አሁንማ ጆሮሽ ሊደርስ ምንም አልቀረው» አለኝ።

አራተኛዋ ጊታር ሆዷ ሳሳ፣ አንገቷ ቀጠን ያለች ነበረች፤ ክሮቿም ብዙ መጫን አይፈልጉም። ስይዛት ትከሻዬ በራሱ ጊዜ ወረደ። ለሰው ሁሉ እጅጌ በልኩ ስቆርጥ እየዋልኩ፣ ጊታርም በልክ እንደሚመረጥ አለማሰቤ አናደደኝ።

ከዚያ ያንተን አገላብጦ አየና «ባለቤቱም እጁ ትንሽ ነበር» አለ።

«ኧረ ባክህ! ወንድሜ እኮ ጉድ ነው ሲጫወት።»

ከአንገቱ ጀርባ የተሰረጎደ ቦታ አሳየኝ። ያቺ አንገቱ ላይ ሁልጊዜ የምታስራት፣ ክሮቹን አንድ ላይ የምትጫነው የብረት መቆንጠጫ ያረፈችበት ነው። «አንገቱ ጫፍ ላይ ያሉት የጣት ማሳረፊያ ክፍሎች ሰፋፊ ናቸው፤ ወደ ሆዱ ሲወረድ ይጠባሉ። መቆንጠጫው ሰፋፊዎቹን ያስዘልለዋል። ይኸው፣ እንዳዲስ ናቸው፤ ጣቱ አይደርስባቸውም ነበር» አለኝ። እኔ እኮ ጌጥ ትመስለኝ ነበር! ጊታሩን ትተህልኝ እሷን ይዘሃት ሄድክ።

ወንድም ጋሼ፣ በጣም ተናድጄብህ ነበር። «እጅሽ ይደግ» ከምትለኝ «የኔም አይደርስም» ብትለኝ ምን ነበረበት? ኋላ ግን እኔስ ስምንት ዓመት ምን ስጽፍልህ ኖርኩ ብዬ ንዴቴን ተውኩት። ሁለታችንም አፍረን ነው።

ትንሿን ገዛኋት። ትናንት ዜማውን እስከ ግማሽ ተጫወትኩ። እማዬ ከኩሽና ወጥታ በር ላይ ቆመች።

«ክሩ ተሠራ?» አለችኝ።

«ተሠራ» አልኳት። ሌላውን ግማሽ አላውቀውም፤ አንተ ታስተምረኛለህ።

መቆንጠጫዋን እዚያው ተዋት። ትንሿ ላይ ያንተም ጣት ይደርሳል።

ትከሻዋ የወረደላት ታናሽ እህትህ