ስምንት ቀጠሮ የተቆረጠለት ሐዘን

ለተከበሩ የሕክምና ዕቅድ ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎም ለማኅተምዎም ሙሉ ጤንነት እየተመኘሁ፣ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ በፖስታ አሽጌ የላክኋቸው ሦስቱ ሥራ በዝቶብዎ ሳይከፈቱ እንደቀሩ ከጸሐፊዎ ስለተረዳሁ መሆኑን በትሕትና እገልጻለሁ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ታናሽ ወንድሜ የሊፍት ጥገና ሠራተኛ ሲሆን፣ የሥራ ጓደኛው ዓይኑ እያየ ከስድስተኛ ፎቅ ወደ ሊፍቱ ጉድጓድ ወድቆ ከሞተ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር አያውቅም። ተቋምዎ ስለተቀበለው አመሰግናለሁ፤ ምስጋናዬንም እንደ ቢሮዎ ሥርዓት በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ወንድሜ ገና ወንበር ስቦ ሳይቀመጥ፣ በስምንት ቀጠሮ እንደሚድን ዕቅዱ ላይ ወስነው ስለፈረሙ አመሰግናለሁ። እኔ ሞኟ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ሳልለካ ጨርቅ ቆርጬ አላውቅም።

፪. ይህኛውን ምስጋና ለእርስዎ ሳይሆን ለሥነ ልቦና ባለሙያዋ ያድርሱልኝ። ሰባት ቀጠሮ ሙሉ ስለ ዝናብና ስለ ኳስ ብቻ ሲያወራላት አንድም ቀን ሳትቸኩል ጠብቃዋለች። በስምንተኛው፣ ሰዓቱ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ለእናታችንም ለእኔም ያልተነፈሰውን ነገራት፦ ሥራው ቶሎ እንዲያልቅ ብሎ ጓደኛውን የደኅንነት ቀበቶውን እንዲፈታ ያዘዘው እሱ ራሱ ነበር። ከዚያ እንደወጣ ለእኔም መንገድ ላይ ነገረኝ፤ ይህን እንድጽፍም የፈቀደልኝ እሱ ነው።

፫. ባለሙያዋ ተጨማሪ ቀጠሮ እንዲፈቀድ ስትለምን የሰጧት መልስ ግን ምስጋና አያንሰውም ይላሉ? በዕቅዱ ላይ የሰፈረው ግብ «ታካሚው ስለ አደጋው ይናገራል» የሚል ስለሆነ፣ እሱም ስለተናገረ፣ ግቡ መቶ በመቶ ተሳክቷል ብለው መዝገቡን ዘጉት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ሰምቼ ነው ያደግሁት፤ በእርስዎ ቢሮ ግን መድኃኒት የሚያጣው የተናገረው ነው። ክቡርነትዎ፣ ተናድጃለሁ። ሰው የሆዱን መናገር በጀመረባት ቀን ጊዜህ አልቋል ተብሎ አይሰናበትም። ወንድሜ ያወጣውን ነገር መልሶ መዋጥ አቅቶታል፤ ምግብ ትቷል፤ እናቴና እኔ ብቻውን እንዳይሆን ተራ ገብተን እንጠብቀዋለን።

ስለዚህ መዝገቡ እንዲከፈትና የሕክምናው ማብቂያ ባለሙያዋና እሱ ሁኔታውን እያዩ የሚወስኑት እንዲሆን እጠይቃለሁ።

ለፊርማዎ ፍጥነት ያለኝን አድናቆት በድጋሚ እየገለጽሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣

በሪፖርትዎ ላይ «ድኗል» የተባለው ሰው ታላቅ እህት

ማሳሰቢያ፦ ወንድሜ ዛሬም ማክሰኞ ማክሰኞ በቀጠሮው ሰዓት ታጥቦ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ወደ ተቋምዎ ይሄዳል። መዝገቡ ስለተዘጋ ከበሩ አያልፍም። አግዳሚው ላይ ከጥበቃው አዛውንት ጎን ተቀምጦ ያወራል፣ እሳቸውም ይሰሙታል። መቼ እንደሚጨርስ እስካሁን አልጠየቁትም። እባክዎ ለእሳቸውም ዕቅድ እንዳያወጡላቸው።